ሁምዛ ዩሳፍ የበጎ ፈቃድ ትምህርቱን የረሳባት ሐሙስ

ደመወዝ የማይከፈለውን ሰው ማዘዝ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ታዛዡ ነበርኩ።

ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤት አልባዎች ምግብ የሚያበስል ቡድን ውስጥ ገብቼ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። አስተባባሪያችን ጎበዝ ሰው ነው። ሥራ ይችላል፣ ሰዓት ያከብራል። አንድ ቀን ግን «ድስቱን አሳረራችሁት» ብሎ ሦስት ሴቶችን ሰው ፊት ጮኸባቸው። ሴቶቹ ምንም አልመለሱለትም። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። በሳምንቱ ከአሥራ አራት ሰው የመጣነው አምስት ነበርን። የተጣላ የለም፣ ያኮረፈም አይመስልም። ዝም ብለው ቀሩ። ያን ቀን ድስት ሳጥብ እጄ ተላጠ።

የሁምዛ ዩሳፍ ስም በተነሳ ቁጥር እነዚያ የታጠፉ ሽርጦች ትዝ ይሉኛል።

ለማታውቁት፣ ሁምዛ ከማርች 2023 እስከ ሜይ 2024 የስኮትላንድ ቀዳማዊ ሚኒስትር ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቀዳማዊ ሚኒስትር ማለት የስኮትላንድ መንግሥት መሪ ነው። ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ፍርድ ቤቱ በእሱ እጅ ነው፤ ጦሩ፣ የውጭ ጉዳዩና የስደተኛ ፈቃዱ ግን ለንደን ነው ያለው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው በ37 ዓመቱ ነው፣ ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ የያዘው የለም። ሙስሊም ሆኖም የመጀመሪያው። «አቶ» ማለቱን ትቼዋለሁ፣ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ አይቀየመኝም።

ስለዚህ ሰው ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። ወዳጆቹ «የስደተኛ የልጅ ልጅ ቤተ መንግሥት ገባ» ብለው እንባ ያብሳሉ። ጠላቶቹ ደግሞ «በየመሥሪያ ቤቱ እየወደቀ ወደ ላይ የወጣ ሰው» ይሉታል። እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። የሁምዛ ታሪክ የሚገባኝ ከመጀመሪያው ሥራው ስነሳ ነው፣ ገንዘብ ካልተከፈለበት ሥራው።

በእርግጥ የመጀመሪያው ወሬ ውሸት የለበትም። አያቱ በ1960ዎቹ ከፓኪስታን ፑንጃብ መጥተው ክላይድባንክ በሚገኘው የሲንገር ልብስ ስፌት መኪና ፋብሪካ ሠርተዋል። ሲንገርን የማያውቅ የእኛ ሰው መቼም የለም፣ በየሰፈሩ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ስትንኳኳ የኖረች መኪና ናት። እናቱ ናይሮቢ ነው የተወለዱት። ግን ድሃ አደግ አድርገን አንሳለው። አባቱ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው፣ ልጃቸውንም ሃቸሰንስ ግራመር የሚባል የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩት። ከእሱ ጥቂት ዓመት ቀድሞ እዚያው የተማረ ሌላ የፓኪስታን ዝርያ ያለው ልጅ ደግሞ አናስ ሳርዋር ይባላል። ያ ልጅ ጥርስ ሐኪም ሆነ፣ ቀጥሎ የስኮትላንድ ሌበር ፓርቲ መሪ ሆነና በፓርላማ ከሁምዛ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የግላስጎው ፖለቲካ እንደ አንድ ሰፈር ጠባብ ነው።

ሁምዛ በሕዝብ ፊት መናገር የተማረው በበጎ ፈቃድ ነው። ገና ልጅ እያለ በወጣት ማኅበራትና በዕርዳታ ማሰባሰብ ውስጥ ነበር። ኢስላሚክ ሪሊፍ ለሚባል የዕርዳታ ድርጅት ያለ ክፍያ ከመገናኛ ብዙኃን ጋር የሚነጋገር ቃል አቀባይ ነበር። በማኅበረሰብ ሬዲዮ 12 ዓመት ሠርቷል። ግላስጎው ውስጥ ለቤት አልባዎችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች የምግብ ጥቅል በሚያድል ፕሮጀክት ውስጥም ነበረበት።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛም ሰው የሚገባበት ቦታ ነው። እስከ 2000 ድረስ ብሪታንያ የገባ ጥገኝነት ጠያቂ በአብዛኛው ለንደንና አካባቢዋ ነበር የሚከማቸው። በ1999 የወጣው ሕግ ሰዉን በየከተማው መበተን ሲጀምር ብዙ ሰው ከተቀበሉት ከተሞች ዋናዋ ግላስጎው ሆነች። ሳይትሂል፣ ሬድ ሮድ፣ የአገሬው ሰው እየለቀቀው የሄደ ረጃጅም ፎቅ ሁሉ በኩርድ፣ በሶማሌ፣ በኤርትራዊና በኢትዮጵያዊ ተሞላ። ጥገኝነት ጠያቂ እንደልቡ ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም፣ በሳምንት የሚሰጠው ገንዘብም ኪስ አይሞላም። ስለዚህ ያ ጥቅል ምን ማለት እንደሆነ ተሰልፎ የተቀበለው ያውቀዋል። ሰጪውም ቢሆን አንድ ነገር ይማራል፤ ሰው ፊት ቆመህ ስትሰጥ ቀና ብለህ ማየት አለብህ፣ ስሙን መጠየቅ አለብህ፣ አለበለዚያ የምትሰጠው ነገር ስድብ ይሆናል።

ፖለቲካ ውስጥ ያስገባው የመስከረም 11 ጥቃትና የኢራቅ ጦርነት ነው። በ16 ዓመቱ አብረውት የሚማሩ ልጆች «ሙስሊሞች አሜሪካን ለምን ይጠላሉ?» እያሉ እንደ ሃይማኖት ጠበቃ ይጠይቁት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በ2005 የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ አባል ሆነ። በ2007 ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ተመረቀ፣ ለአጭር ጊዜ ኮል ሴንተር ሠራ። ከዚያ የባሽር አህመድ ረዳት ሆነ።

ባሽር አህመድን ማንሳት አለብኝ፣ ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። በ1961 ከፓኪስታን መጥተው ግላስጎው ውስጥ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ከዚያም ሹፌር የሆኑ፣ በኋላ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። በ2007 የስኮትላንድ ፓርላማ ሲገቡ የመጀመሪያው ነጭ ያልሆኑ አባል ነበሩ። ዋናው ነገር ከየት መጣን ሳይሆን አብረን ወዴት እንሄዳለን ነው ይሉ ነበር፣ ሁምዛም ይህን አባባላቸውን እስከ ዛሬ ይደግመዋል። በ2009 አረፉ። ሁለት ዓመት የእኚህን ሰው ቦርሳ መሸከም አንድ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ይመስለኛል። በኋላ ከእሱ በፊት ቀዳማዊ ሚኒስትር ለነበሩት ለኒኮላ ስተርጅንም ለአሌክስ ሳልመንድም ረዳት ሆኖ ሠርቷል፣ የባሽርን ዓይነት ግን እዚያ አላገኘም ባይ ነኝ።

በ2011 በ26 ዓመቱ ከግላስጎው ተመርጦ ፓርላማ ገባ፣ ቃለ መሐላውን በእንግሊዝኛና በኡርዱ ፈጸመ። ዓመት አለፍ ብሎ ሚኒስትር ሆነ፣ የውጭ ጉዳይና የዓለም አቀፍ ልማት ይባላል ሹመቱ። ውጭ ጉዳይ ለንደን ነው ብያችሁ አልነበር? አዎ፣ ስለዚህ ሥራው በተግባር ማላዊን የመሳሰሉ አገሮችን መርዳት ነው። ስኮትላንድና ማላዊ ከሚሲዮናዊው ዴቪድ ሊቪንግስተን ዘመን ጀምሮ ይተዋወቃሉ፣ በ2005 ደግሞ በመንግሥት ደረጃ ስምምነት ተፈራርመዋል። ሁምዛ በዚህ ቦታ አማረበት። ለምን አያምርበት? የበጎ ፈቃድ ሥራው ነው፣ በጀት ተጨምሮበት።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2016 ትራንስፖርት ሰጡት። እዚያው ዓመት ያለ ኢንሹራንስ መኪና ሲነዳ ተያዘና 300 ፓውንድ ተቀጣ፣ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ! የሰው መኪና ተውሶ ነው፣ ሆን ብሎም አልነበረም፣ ግን ይህን የሚሰማ የለም፣ ሳቁ ብቻ ነው የሚቀረው። በ2018 ፍትሕ፣ በ2021 ጤና። የጥላቻ ወንጀል ሕጉን ፓርላማ ያሳለፈው እሱ የፍትሕ ሚኒስትር ሳለ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን በኤፕሪል 2024 ራሱ መሪ በሆነበት ወቅት ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ7,000 በላይ አቤቱታ ፖሊስ ላይ ወረደ። የራሱ ዕዳ ዞሮ በራሱ ደጃፍ መጣ።

ከእነዚያ ዓመታት እኔ የምወድለት አንድ ቀን ሜይ 13 ቀን 2021 ነው። የኢድ ቀን ነበር። የለንደኑ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰዎች ግላስጎው ኬንሙር ጎዳና ላይ ሁለት ሕንዳውያንን ይዘው መኪና ውስጥ አስገቡ። ጎረቤት ወጣ፣ አንዱ ከመኪናው ሥር ገብቶ ተኛ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ከበበ። ከሰዓታት በኋላ ፖሊስ ሰዎቹን ለቀቃቸው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሁምዛ ነበር፣ በኢድ ቀን እንዲህ ማድረጋቸውንም በግልጽ አወገዘ። የስደተኛ ጉዳይ ሥልጣኑ አይደለም፣ ግን ዝም አላለም። የምግብ ጥቅል ሲያድል የነበረው ልጅ ያን ቀን አልጠፋም።

(በነገራችን ላይ፣ ከ2020 ወዲህ በስኮትላንድ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ለስኮትላንድ ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል፣ የስደተኛ ወረቀት ያለውም ጭምር። ለንደን ላሉት ወንድሞቻችን ይህ የለም። ግላስጎውና ኤዲንብራ ያላችሁ ግን ስማችሁን አስመዝግባችኋል?)

አሁን ወደ ሽርጡ ልመለስ።

በ2023 ስተርጅን በድንገት ለቀቀች። ለፓርቲው መሪነት ሦስት ሰው ተወዳደረ፣ ሁምዛ፣ ኬት ፎርብስና አሽ ሪገን። ፎርብስ በቴሌቪዥን ክርክር ላይ አፈረጠችው። አንተ ትራንስፖርት ሳለህ ባቡሩ በሰዓቱ አልደረሰም፣ ፍትሕ ሳለህ ፖሊሱ ተንጠፍጥፎ ነበር፣ አሁን ጤና ላይ ሆነህ ወረፋው ታሪክ ሰብሯል፣ ታዲያ ከዚህ የተሻለ ትሠራለህ ያልከው በምን ተማምነህ ነው? ዓይነት ጥያቄ ጠየቀችው። እንዲያም ሆኖ አሸነፈ። 52.1 በመቶ ለ47.9። ልብ በሉ፣ ድምፅ ከሰጡት የፓርቲው አባላት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሰው ከእሱ ይልቅ ፎርብስን ነበር የፈለገው።

እንዲህ ባለ ጠባብ ልዩነት ያሸነፈ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ዕድር ውስጥ የኖረ ሰው መልሱን ያውቀዋል፣ የተሸነፈውን ሄዶ ይለምናል። ሁምዛ ግን ፎርብስን፣ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረችውን ሴት፣ የገጠር ጉዳዮችን ያዢ አላት። አመስግና ወጣች። አንድ ሽርጥ ታጠፈ።

በኦክቶበር 2023 አሽ ሪገን ፓርቲውን ትታ «አልባ» የሚባለውን የሳልመንድ አዲስ ፓርቲ ተቀላቀለች። ለዓመታት አብራ የሠራች ሴት ናት፣ ሚኒስትርም ነበረች። ሁምዛ ስለ መሄዷ ሲጠየቅ ለፓርቲው ያን ያህል ኪሳራ አይደለም አለ። ሁለተኛው ሽርጥ። ይቺን ንግግር ያዙልኝ።

ስለ እሱ ክፉ ብቻ እንዳልናገር፣ ያ ወር ለእሱ ሲኦል ነበር። የባለቤቱ እናትና አባት ለቤተሰብ ጥየቃ ጋዛ ሄደው ጦርነቱ እዚያ ይዟቸው ነበር። አገር የሚመራ ሰው ሌሊት አማቾቹ ንጹሕ ውኃ ማግኘታቸውን በስልክ እየጠየቀ ያድር ነበር። የወጡት ኖቬምበር 3 ነው። በእነዚያ ሳምንታት የተናገረውን ሳዳምጥ ከፖለቲከኛ አፍ ስንት ዓመት ያልሰማሁትን እውነተኛ ድምፅ ሰማሁ። በሰው መከራ ፊት ሁምዛ ምን ጊዜም ጎበዝ ነው። ጎበዝ ያልሆነው ከራሱ ሰዎች ጋር ነው።

ሦስተኛው ሽርጥ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ፓትሪክ ሃርቪና ሎርና ስሌተር፣ የአረንጓዴ ፓርቲ መሪዎች። የሁምዛ ፓርቲ ከ129 መቀመጫ 64 ብቻ ስለነበረው (ሪገን ስትሄድ 63 ሆነ) ከ2021 ጀምሮ አረንጓዴዎቹ 7 ድምፃቸውን ይዘው አብረው ያስተዳድሩ ነበር። በኤፕሪል 2024 መንግሥት በ2030 የአየር ብክለትን በ75 በመቶ እቀንሳለሁ ያለውን ቃል ተወው። አረንጓዴዎቹ ተናደዱ፣ አባላቶቻቸው ጥምረቱ ይቀጥል ወይስ ይፍረስ ብለው ድምፅ ሊሰጡ ቀጠሮ ያዙ። ሁምዛ ይቀጥላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ እያለ ነበር። በቀናት ውስጥ፣ ሐሙስ ኤፕሪል 25፣ በጠዋት መኖሪያና ቢሮው ወደሆነው ቢውት ሃውስ ጠራቸውና ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል አላቸው።

እንደ ተከራይ!

የፈሪ ሥራ ነው አለች ስሌተር። እውነቷን ነው ወይ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። በራሱ ፓርቲ ውስጥ አረንጓዴዎቹን አስወጣልን የሚል ግፊት ነበረበት፣ አባላቶቻቸውም ራሳቸው ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር፣ መሪ የሚባል ሰው ሌላው እስኪያባርረው አይጠብቅም። ይገባኛል። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል። አነጋገሩ ነው የገደለው። ጥምረት ማለት እኮ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ማንም ማንንም አልቀጠረም፣ ሰውየው የሚመጣው ስለፈለገ ነው፣ የሚቀረውም ስላልፈለገ ነው፣ ያለህ መሣሪያ ምስጋና፣ ልመናና ትዕግሥት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ከሁምዛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ሰው አልነበረም፤ ምግብ ለማደል ሰው ሲያሰባስብና ነፃ ሬዲዮ ላይ በየሳምንቱ ሲሠራ ነው የኖረው። ከዚያ 12 ዓመት ሚኒስትር ሆነ። ሚኒስትር ሲናገር ሠራተኛው ይጽፋል፣ ሹፌሩ ይነሳል፣ በሩ ይከፈታል። ያ ነገር ቀስ ብሎ ሰውን ይቀይራል መሰለኝ።

ኮንሰርቫቲቮቹ ያንኑ ቀን በሁምዛ ላይ የመተማመኛ ድምፅ ይሰጥ አሉ፣ ሌበር ደግሞ ተከትሎ በመንግሥቱ በሙሉ ላይ። አረንጓዴዎቹም እንቃወመዋለን አሉ። እስቲ ቁጠሩት። አፈ ጉባኤዋ ድምፅ ስለማይሰጡ 128 ሰው አለ። ለሁምዛ 63። ተቃዋሚዎቹ፣ 31 ኮንሰርቫቲቭ፣ 22 ሌበር፣ 7 አረንጓዴ፣ 4 ሊበራል ዴሞክራት፣ ሲደመር 64። የቀረችው አንዲት ሴት ናት።

አሽ ሪገን። ያን ያህል ኪሳራ ያልነበረችው።

የሷ አንድ ድምፅ 64 ለ64 ያደርገዋል፣ እኩል ከሆነ አፈ ጉባኤዋ በልማድ ያለውን ነገር ስለሚያጸኑ ሁምዛ ይተርፋል። ደብዳቤ ጻፈችለት፣ የምትፈልገውን ዘረዘረች። ሰውየው ቅዳሜና እሑድን አሰበበት። ሰኞ ኤፕሪል 29 ቢውት ሃውስ ውስጥ ቆሞ እለቃለሁ አለ። ለሥልጣን ብዬ እምነቴን አልሸጥም፣ ከማንም ጋር አልደራደርም አለ። አረንጓዴዎቹን ምን ያህል እንዳስከፋኋቸው አሳንሼ ገምቼ ነበር ብሎም አመነ። ስለ ቤተሰቡ ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ። እኔም ትንሽ ሆዴ ባባ፣ አልዋሽም። ብዙ ፖለቲከኛ በዚያች አንድ ድምፅ ሌላ ሁለት ዓመት ይጎተት ነበር፣ ይህኛው አልጎተተም።

ቦታውን የያዘው ጆን ስዊኒ ነው። ከ2000 እስከ 2004 ፓርቲውን መርቶ ተገፍቶ የወረደ፣ ሽንፈት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሽማግሌ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ኬት ፎርብስን ጠርቶ ምክትሉ ማድረግ ነው። አረንጓዴዎቹን ግን ወደ መንግሥት አልመለሳቸውም። ወንበር አልሰጣቸውም፣ እንነጋገራለን ብቻ አላቸው።

ሜይ 7 ፓርላማው ቀዳማዊ ሚኒስትር ሲመርጥ ሰባቱ አረንጓዴዎች ስዊኒን አልደገፉም፣ አልተቃወሙምም፣ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሁምዛም ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም ነበር፤ እነሱ እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡለት፣ ሪገን ብትቃወመው እንኳ 63 ለ58 ያሸንፍ ነበር። ያን ዕለት እሱም አዳራሹ ውስጥ ከተራ አባላት ጋር ተቀምጦ ለስዊኒ ድምፁን ሰጠ።